አውራ ጣት የፋቀው ስም

አባቴ ሲሞት የወረስኩት አንድ የጥንት ታጣፊ ምላጭ ነው፤ እጀታው ቀንድ፣ ስለቱ ገና ጸጉር የሚሰነጥቅ። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተላጨው በሱቅ ምላጭ ነበር። ይሄኛውን በየጊዜው ቀበቶው ላይ ይስለውና ዘይት ቀብቶ መልሶ በጨርቅ ይጠቀልለዋል። "ለማን ነው የምትስለው?" ስለው ጀርባውን ሰጥቶኝ መሳሉን ይቀጥላል። ከእኔ ጋር መቼ አውርቶ ያውቃል! ግራኝ ነኝ፤ በግራዬ ስጽፍ ካየኝ ብድግ ብሎ ይወጣል። አግብቼ ከወለድኩም በኋላ ያው ነው። አባቴ አይወደኝም ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ስቀብረውም ያቃጠለኝ ይሄው ነው።

ከቀብሩ በኋላ ምላጩ እንቅልፍ ነሳኝ። ያኖርኩበትን ቁም ሳጥን በከፈትኩ ቁጥር ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ኧረ ምን ጉድ ነው ብዬ እዚሁ ቦንጋ፣ መናኸሪያው አጠገብ ላለው ጸጉር አስተካካይ ወሰድኩት።

"የጀርመን ነው ጋሼ፣ የሠሪው ስም ግን ተፍቋል" አለኝ፤ በስልኩ መብራት እያገላበጠ። "አውራ ጣት ነው የፋቀው። ግን በዚህ በኩል?" በቀኝ እጁ ሲይዘው ጣቱ የሚያርፈው በሌላው ገጽ ነው። ተቀብዬ በግራዬ ያዝኩት። አውራ ጣቴ የተፋቀው ቦታ ላይ ልክክ አለ። አባቴ ግን ግራኝ አልነበረም።

በማግስቱ ቢታ ገነት ከተማ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ዘንድ ሄድኩ። ምላጩን ላሳያቸው በግራዬ ብዘረጋው አክስቴ እጄን አፈፍ አድርገው ያዙኝ።

"መጣህ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ አክስቴ።"

ሲረጋጉ ነገሩኝ፤ ለካ አባቴ ግራኝ ታናሽ ወንድም ነበረው። በደርግ ጊዜ ጠዋት በዚሁ ምላጭ ሲላጭ መጥተው ወሰዱት፤ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ። ሬሳውም አልተገኘም።

"መስተዋቱን የያዘለት አባትህ ነበር። ሲመጣ መላጨቱን ይጨርሳል እያለ ይስልለታል። አንተ ደግሞ ቁርጥ እሱን! በግራህ ስትጽፍ ያ ጠዋት ይመጣበታል። ውጭ ወጥቶ ያለቅስ ነበር እኮ፣ ልጄ።"

አልጠላኝም ነበር። አክስቴ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ሳሙና ተቀብቼ ምላጩን በግራዬ ከፈትኩት። አንዱን ጉንጬን ላጭቼ ስጨርስ እጄ ቆመ። መስተዋቱ ውስጥ ግማሽ ፊቱ ሳሙና የሆነ ሰው ያየኛል። ከኋላዬ ያ ቁም ሳጥኑን ስከፍት የሚቆመው ሰው ቆሟል።

"አባዬ፣ አሁን አትውጣ" አልኩና ሌላኛውን ጉንጬን ላጨሁ።