በጾም የከሳችው አክስቴ

ሰሞኑን ዳንግላ ገበያ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንቺ፣ ሁዳዴው እንዴት አድርጎ ነው ያከሳሽ!» አለችኝ። የከሳሁት በጉንፋን ነበር፤ ሁለት ሳምንት ጥሎኝ ነው የተነሳሁት። እንዲያም ሆኖ «አዎ» ብዬ አለፍኩ፤ ቤቴ እስክደርስም ብቻዬን ሳቅሁ። በጾም ከሳ የሚባል ሰው ሲነሳ አክስቴ ስመኝ ትመጣብኛለች።

ስመኝ የእናቴ ታናሽ ናት። የምትበልጠኝ በአሥር ዓመት ብቻ ስለሆነ አንድ መደብ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው፤ አክስቴ ብትሆንም «አንቺ» ነው የምላት። ዐረብ አገር ሄዳ ስትሠራ በጣም ወፍራ ነበር። እዚህ ፎቶዋን ያየ ሁሉ «ተመችቷታል» ይላል፤ እሷ ደረጃ መውጣት እንኳ አቅቷት ነበር። ስትመለስ ግን ሸንቀጥ ብላ መጣች። «ምን በልተሽ ነው?» ሲሏት «ምን ሳልበላ በሉኝ እንጂ! ሁዳዴውን፣ ጽጌውን፣ አንድም አልቀረኝ» ትላለች። እናቴ በእህቷ ኮራች፤ የሰፈሩ እናቶችም ልጆቻቸውን በእሷ ይገሥጹ ጀመር።

እውነቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት ሆዷ ላይ ምስር የሚያካክሉ አምስት ጠባሳዎች አየሁ። ጥቂት በልታ እንድትጠግብ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አስቀንሳ ኖሯል። «ለማንም አልናገርም ብለሽ በሚካኤል ማይልኝ» አለችኝ። ማልኩላት።

አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ፣ በአረቄ ነው። እኛ አላወቅንም እንጂ እንዲያ የተቆረጠ ጨጓራ ውስጥ መጠጥ አይቆይም፤ ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል። ሌላው በሦስት መለኪያ የሚደርስበት ስካር ላይ እሷ በአንዱ ትደርሳለች። እያደር ጠዋት ሳትቀምስ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴት ሆነች። ባሏ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ይዞ ጫግኒ እናቱ ዘንድ ገባ፤ እሷም እኛ ቤት መጣች። ሽማግሌዎች ገብተው ነገሩን ቆረጡት፦ ታክማ እስከ መስከረም ከመጠጥ ከራቀች ልጇም ትዳሯም ይመለስላታል፤ ካልራቀች ግን ያበቃል።

ኢንጅባራ ያለ ሐኪም የመጠጥ አምሮት የሚቀንስ ክኒን አዘዘላት፤ ጠዋት ተውጦ፣ ቀስ እያለ እየሟሟ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ። ማስዋጡ የእኔ ሥራ ሆነ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ እንደ ፖሊስ «አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ» እላታለሁ። «ጥርሴንም ቁጠሪልኝ» ትለኛለች። በትክክል ትውጣለች። ቀትር ሳይሆን ግን ላቡ፣ ቁጣው፣ አምሮቱ ይመለሳል። በሦስተኛው ሳምንት አረቄ ቤት ተቀምጣ አገኘናት።

«ክኒኑን እየተፋችው ነው» አለች እናቴ።

«እማ፣ በዓይኔ አይቼ ነው የማስውጣት!»

«እንግዲያው ተባብራችሁ ነው የምታሞኙኝ። ነገ ለሽማግሌዎቹ መልእክት እልካለሁ።»

አንድ ጊዜ ብቻ ሐኪሙ ጋር ልውሰዳት ብዬ እናቴ እግር ላይ ወደቅሁ፤ እሺ አለችኝ።

ሐምሌ ነበር። ወደ ኢንጅባራ ስንሄድ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ሚኒባሱ ቆመና ሹፌሩ በዝናብ ከሰል ጣሪያው ላይ ያስጭን ጀመር። በመስኮት ቅቅል ድንች በዳጣ ገዛሁ። ስመኝ ከአንዷ ድንች ግማሿን በላችና «ጠገብኩ» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ግማሿን ድንች እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህች ሆድ አንድ ድንች ካላስቀመጠች፣ ያንን ቀስ ብሎ የሚሟሟ ክኒን የት ታቆየዋለች?

ሐኪሙ ደብተሩን ገለጠ። «ወይዘሮ ስመኝ፣ ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎት ያውቃል?»

«ኧረ የለም!» አለች፤ እግሬንም በእግሯ ረገጠችው።

በሆዴ ሚካኤልን ይቅርታ ለመንኩና «ዶክተር፣ ጨጓራዋ ተቆርጧል» አልኩ።

ስመኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ሰው በጾም ከሳች ብሎኝ... እንዴት ብዬ ልመልሰው?» አለች።

«ጾሙን እግዜር ይቀበልዎት፤ እኔ የምፈልገው ጨጓራዎን ነው» አለ ሐኪሙ። ወረቀት ላይ ስሎ አሳየን። ይህ ክኒን ቦታና ጊዜ ይፈልጋል፤ ባነሰ ጨጓራ ሳይሟሟ ሊያልፍ ይችላል አለ። ሰው ሁሉ አንድ ስላልሆነም በየሳምንቱ እየመጣች እንድትታይ አዘዘ። ክኒኑን በራሳችን እንዳንጨምር፣ እንዳንፈጭም አስጠንቅቆ፣ ቶሎ የሚሟሟ ሌላ ቀየረላት።

እስከ ዳንግላ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አላወረደችም። ከሚኒባሱ ስንወርድ «ሚካኤልንስ ምን ልትዪው ነው?» አለችኝ።

«ከነፍስ አባቴ ጋር እጨርሰዋለሁ።»

«ለእኔም ጨምሪልኝ» አለች፤ «ያልጾምኩት ጾም መዓት ነው።» ጭቃው ላይ ቆመን ሳቅን።

በአንድ ጀምበር አልዳነችም። ነሐሴ ላይ አንዴ ወደቀች፤ ያን ጊዜ ግን ራሷ ሄዳ ለሐኪሙ ተናገረች። እናቴም የጨጓራዋን ነገር ስትሰማ በሐሰት ጠርጥሬሻለሁ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት። በመስከረም አባትየው ልጁን ይዞ ከጫግኒ መጣ። ልጅቷ ሮጣ አልተጠመጠመችም፤ መጀመሪያ ጠጋ ብላ የእናቷን አፍ አሸተተች። ከዚያ ነው አንገቷ ላይ የተጠመጠመችው። ስመኝ እስከ ዛሬ ስለዚያ ማሽተት ስታወራ እንባዋ ይቀድማል።

አሁን ልጅቷ ራሷ እናት ሆናለች፤ እኔም አርባን ተሻግሬአለሁ። ሐኪም ፊት የምንዋሸው ሐኪሙን ልናሞኝ አይመስለኝም፤ ሰፈሩ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ የሚሰማን ስለሚመስለን ነው። መሐላዬን በማፍረሴ ብዙ ጊዜ ተብሰልስያለሁ፤ ልጅቷን ባየሁ ቁጥር ግን ይቀለኛል።

ባለፈው ለደም ግፊቴ ሐኪም ቤት ስሄድ ስመኝ አብራኝ ነበረች። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተባልኩ።

«የለም» አልኩ።

«ዶክተር፣ ይህች ልጅ ትዋሻለች» አለች ስመኝ ከኋላዬ፤ «የጎረቤቷን ክኒን እየተዋሰች ትውጣለች። ቆይ፣ እኔ ልንገርዎ።» ወንበሯን ሳብ አድርጋም ከፊቱ ተቀመጠች።