ሰኞ ያላነበብኩት ማስታወቂያ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ አልቆምም። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ከማስታወቂያ መሸሽ ቀላል አይደለም፤ ከመብራት እንጨቱ እስከ ሻይ ቤቱ በር ድረስ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ወዳጆቼ ዓይኑ ደክሞ ነው ይላሉ። ዓይኔስ ደህና ነው።

በዞኑ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ባጭሩ ከክልል የወረደውን ቁጥር ለየወረዳው ማከፋፈል ነው፤ ጃናሞራ ይህን ያህል ጎልማሳ ፊደል ይቆጥራል፣ ጭልጋ ይህን ያህል ሥራ ፈላጊ ይመዘገባል እያልኩ። ብዙዎቹን ቀበሌዎች የማውቃቸው በወረቀት ነበር። ገበሬው አጨዳ ላይ በሚውልበት ወር «ክፍል ውስጥ ይገኛል» ብዬ የጻፍኩባቸው ዓመታት አሉ። የወረዳ ሰዎች በስብሰባ ላይ ሲስቁብኝ እናደድባቸው ነበር፤ ንዴት ለእኔ ቅርብ ነው።

አንድ ዓመት የጎልማሶች ትምህርትና ሥራ ማገናኘት በአንድ ዕቅድ እንዲታሰሩ ሐሳብ አቀረብኩ። ሐሳቡ መልካም ነበር፣ ዛሬም አልክደውም። ሰዉ መጀመሪያ ማንበብና መጻፍ ይማራል፤ ሲጨርስ እኛው ሥራ እንፈልግለታለን። ለሙከራ ያህል እዚሁ ከተማ ውስጥ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ ሠላሳ ሴቶች ይዘን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚቆይ ትምህርት ከፈትን። ከሠመረ ወደ ሁሉም ወረዳ ይሰፋል ተባለ። የሪፖርቱ ቅጽ «ያቋረጡ» የምትል አንዲት ዓምድ ነበረችው፤ ኃላፊያችን ከእሷ ሌላ የሚፈራው ነገር አልነበረም። «እሷን ባዶ አድርገህ ካመጣህልኝ ክልል ድረስ እንጠራለን» ይለኝ ነበር። አንዷ ሴት ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታ ልታቋርጥ ነው የተባለ ዕለት ጠረጴዛ ደብድቧል።

በአጥራችን ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበረን። ሰኞ ጠዋት የሳምንቱ ክፍት የሥራ ቦታዎች ይለጠፉበታል። ማንበብ የሚችሉት አንብበው ይሄዳሉ፤ የማይችሉት ቆመው ይጠብቃሉ፣ እኔም ወጥቼ አነብላቸዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜአለሁና ድምፄን እወደዋለሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። «ብዛት አራት፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት» የሚለውን ሳይቀር ሳብ አድርጌ ስለማነበው፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በመስኮት ብቅ ብላ «ዛሬ ምስባኩ ምንድን ነው?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ከሠላሳዎቹ ሴቶች አንዷ ከደባርቅ ወዲያ፣ የመካነ ብርሃን ሰው ናት። ባሏ ሲሞትባት አንዲት ልጇን ከባሏ ወንድም ዘንድ ትታ ጎንደር ገብታለች። ማራኪ ሰፈር ቤት የተከራዩ ተማሪዎችን ልብስ ታጥባለች፤ ማታ ከሁለት ሴቶች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ታድራለች። ሳሙና የእጇን ቆዳ ስለላጠው እርሳስ ስትይዝ ያማታል። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ከክፍል አትቀርም፣ ሰኞም ከሰሌዳው ሥር አትጠፋም። አንብቤ ስጨርስ ጠጋ ብላ፣

«አያ፣ ለእኔ የሚሆን አለ?» ትለኛለች።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም በማዕረግ ሲጠራኝ እሷ ብቻ አያ ትለኝ ነበር። ደስ ይለኛል።

ጉዳይዋን የነገረችኝ በመስከረም ነው። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቁማለች። አጎትየው ገበያ በመጣ ሰው ልኮባታል፤ እስከ ጥር ቤት ይዘሽ ከወሰድሻት ውሰጃት፣ ካልወሰድሻት ለሰው እሰጣታለሁ ብሎ።

«ቋሚ ሥራ ባገኝ ነገ አመጣታለሁ» አለችኝ። «የቀን ሥራ ለያዘ ቤት የሚያከራይ የለም እኮ፣ አያ። ደመወዝተኛ ነኝ ካላልኩ ማን ያምነኛል?»

እኔም ክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ያስጻፍኩትን ተረት ጠቀስኩላት። «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉስ ሸጋ፣ ይሂድ» አለች ፈገግ ብላ። «ልጄ እንዳትቀድመው ፈርቼ ነው።»

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ ከማስታወቂያዎቹ መካከል ማራኪ አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት የመጣ ወረቀት ነበረ። የጽዳት ሠራተኛ፣ ብዛት አራት፣ የቅጥሩ ሁኔታ በቋሚነት፣ የትምህርት ደረጃ አይጠይቅም። ምዝገባው ለአሥር ተከታታይ የሥራ ቀናት። እሷ ከፊቴ ቆማለች፣ እርጥብ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ። ሾፌሩን አነበብኩ፣ መካኒኩን አነበብኩ፣ ከዚያ ዓይኔ ያችን ወረቀት አለፈና ገንዘብ ያዡን አነበብኩ።

«ለእኔ የሚሆን አለ፣ አያ?»

«የዛሬው የለም» አልኳት።

ምን አስቤ እንደሆነ በደንብ አስታውሳለሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ትመረቃለች፤ ጥር ሳይጋመስ እኔ ራሴ አስቀጥራታለሁ። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ በየወሩ ይወጣል። ፊደል ቆጥራ ብትገባ ደግሞ ለእሷም ይሻላታል፤ አሁን ብትቀጠር ትምህርቱን ትተዋለች፣ ዕድሜ ልኳንም ሌላ ሰው እያነበበላት ትኖራለች። ይህን ሁሉ አስቤአለሁ። «ያቋረጡ» የምትለዋን ዓምድም አስቤአለሁ፤ እንዲያውም አስቀድሜ ያሰብኩት ዓምዷን ነው፣ ሌላው በኋላ የመጣ ነው።

አሥሩ ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ የቀሪዎቹን ወራት የትምህርት መርሐ ግብር አሳትሜ ስለነበር ሰሌዳው ላይ ቦታ ፈለግሁለትና በዚያው ወረቀት ላይ ለጠፍኩት። ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ ነው፣ ማንም ይለጥፍበታል። እኔ ግን ስለጥፍ ኮላውን አብዝቼበታለሁ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ምርቃት ሆነ። ከክልል እንግዶች መጡ። ከሁሉ የተሻለ የምታነበው እሷ ስለነበረች ወደ ፊት ወጥታ ግማሽ ገጽ አነበበች። ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች፣ ከየኔታ ፊት እንደቆመ ሕፃን ላብ አጥምቋት አነበበች። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ እኔ ዕንባዬ መጣ። ሪፖርቱ ላይ ያቋረጠ የለም ብዬ ጻፍኩ። ዕቅዱ ለሌሎች ወረዳዎች እንዲላክ ተወሰነ፤ በስብሰባው ላይ አንድ ትልቅ ሰው እጄን ጨበጠኝ።

በማግስቱ ሥራ ፍለጋ ተነሣሁላት። በዚያ ወር የወጣው የጽዳት ሠራተኛ ማስታወቂያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች ይላል። ማራኪ ሄድኩ፤ አራቱም ቦታ ኅዳር ላይ ሞልቷል አሉኝ። ሆስፒታል የማውቀውን ሰው ለመንኩ፣ ሁለት ሆቴል ገባሁ፣ የዘመድ ዘመድ ሳይቀር ደጅ ጠናሁ። ሁሉም እሺ ይላል፣ ቀን ግን አይቆርጥም። እሷም እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር። በመጨረሻ «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ፣ አያ» አለችኝ። ሳቀች። ያ ሳቅ አንጀቴን በላው።

ጥር ሲገባ ሁለት ሰኞ ቀረች። በሦስተኛው መጣች፣ ሥራ አለ ወይ ብላም አልጠየቀችኝ።

«ሰጧት?» አልኳት።

«ሰጧት።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እልል በይ አሉኝ። እልል አልኩ።»

የያዝኩትን ወረቀት ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሷም ለእኔ አዝና ይመስለኛል፣ ወሬውን ወደ ትምህርቱ መለሰችው። ሁለተኛው ዙር መቼ ነው አለችኝ። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለውን መማር ትፈልጋለች፤ ስምንተኛ ክፍል እስኪደርሱ ስንት ዓመት ነው?

የካቲት መጀመሪያ የአዲሱን ዙር መርሐ ግብር ልለጥፍ ስወጣ ሰሌዳው ሥር አገኘኋት። የድሮው ወረቀት አልላቀቅ ብሎኛል። «ምነው ይታገሉታል፣ ውሃ ነው የሚያስለቅቀው» አለችና ጨርቅ አርሳ መጣች። ልብስ እንደምታጥበው ቀስ አድርጋ አሸችው፣ ከጥጉ ያዘችና መርሐ ግብሩን ሳብ አደረገችው። ከሥሩ ያለው ወረቀት ዳሩ እንጂ ጽሑፉ አልተቀደደም። እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን ማንበብ ጀምራለች። የተማረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ነው፤ ያገኘውን ሳያነብ አያልፍም።

«ክፍት… የሥራ… ቦታ…» ጣቷ ይሄዳል። «የጽዳት ሠራተኛ። ብዛት አራት። በቋ-ሚ-ነት። የትምህርት ደረጃ…» ቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። «አይጠይቅም።» ከዚያ ወደ ታች ወረደችና ማኅተሙ አጠገብ ያለውን ወር አነበበች። ጥቅምት።

ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

«ይኼ ለእኔ የሚሆን ነበር» አለች። ቀጥላም፣ «ምነው ሳናየው ቀረን፣ አያ?»

ሳናየው አለች። እኔንም ጨምራ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ማስታወቂያን እንደ ዳዊት የሚያነበው ያ አፍ አንዲት ቃል አላወጣም። እሷ የተላጠውን መርሐ ግብርና ከሥሩ የወጣውን ወረቀት እያገላበጠች አየች፣ አሰበችና መልሱን ራሷ አገኘችልኝ።

«የትምህርታችን ወረቀት ሸፍኖት ኖሯል» አለች። «አንቱስ ምን ያድርጉ፣ የስንቱን ሰው ያነባሉ? ጥፋቱስ የኔ ነው። አምና ብማር ኖሮ ገልጬ አየው ነበር።»

«ይሆናል» አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ከሌሎቹ ተለይታ ቆማ ሰሌዳውን ለራሷ አነበበች። እኔ ያን ቀን ለተሰበሰቡት ሰዎች በዝግታ ነበር ያነበብኩላቸው። ስጨርስ መጣችና ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ሰጠችኝ። በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው።

«ይዩልኝ» አለች። «ልጄ ከሦስተኛ ክፍል ነው የቀረችው፣ ማንበቡ እንዳይቸግራት። ሌላ ሰው እንዲያነብላት አልፈልግም።»

ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል።

«ይድረስ ለልጄ። እንደምን ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ተገኝቶ ነበረ። ሰሌዳ ላይ ነበረ። እኔ ማንበብ ስለማልችል አለፈኝ። በአጎትሽ አትዘኝ። በማንም አትዘኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። እናትሽ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ድምፄን ሳላሰማ። እሷ ከንፈሬን እያየች ትጠብቃለች።

«ይነበባል፣ አያ?»

«ይነበባል» አልኳት።

ተቀበለችኝ፣ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችውና፣ ወደ ደባርቅ የሚሄደው መኪና ሳይወጣ ለሰው ልስጠው ብላ ወደ መናኸሪያው ሮጠች።