ያልመረቅሁት የሆቴል ግንባር

ልጄ መርሳ ላይ ለሕንፃ ጌጥ የሚሆን ሰሌዳ ይሠራል። ሲሚንቶና ደቃቅ አሸዋ ለውሶ፣ የመስታወት ክር ጨምሮበት ቅርጽ ማውጫው ላይ ይደፋዋል። ሲደርቅ ከጣት የማይወፍር ሆኖ የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል። ድንጋይ ሳይሆኑ ድንጋይ መምሰል ከመጀመሪያውም ይቀፈኝ ነበር። ሐቁን ለመናገር ግን፣ በደንብ ከተሠራ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ድንጋይ የማይወጣበት ከፍታ ላይ ይሰቀላል።

ወልድያ የአንድ ሆቴል ግንባር ሠራ። ምርቃቱ ሲደርስ ባለቤቱ በሽማግሌነት እንድመርቅለት ጠራኝ። ሥጋው ተሰቅሏል፣ እንግዳው በረንዳው ላይ ተኮልኩሏል፤ የልጄ ሥራ ከአናታቸው በላይ ወጣ ብሎ ተንጠልጥሏል። እኔ ሙያውን በራሴ የተማርኩ ባትላሜራ ነኝ፤ የተጋጨ አውቶቡስ ስጠግን ነው የኖርኩት። እጄ አዲስ ነገር ካልነካ አያርፍም። ደረጃው ላይ ወጥቼ ቀለም ያልደረሰበትን የሰሌዳውን ጀርባ ዳበስኩ። ጣቴን የወጋኝን ክር ወዲያው አወቅሁት። ጋራዥ ውስጥ የአውቶቡስ መከላከያ የምንለጥፍበት ነው። ለሲሚንቶ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ይኼኛውን ሲሚንቶው ውሎ አድሮ ይበላዋል።

ልጄን ወደ ጓሮ ጠራሁት።

«ይኼ የምን ክር ነው?»

«አባባ፣ ከአዲስ አበባ ያዘዝኩት ዘገየ። ባለሆቴሉ ደግሞ ለምርቃቱ ካልደረሰ ብሎ አፋጠጠኝ።»

«ነግረኸዋል?»

«ምን ብዬ? ደግሞ ዛሬ አይወድቅ!»

«መቼ ነው የሚወድቀው ታዲያ?»

መሬት መሬት አየ። «እሱን እንጃ።»

የሚበላሽ መሆኑን እያወቀ ነው የሰቀለው። አለማወቅ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። የገዛ ልጄን ፊት ማየት አስጠላኝ።

«አባታችን፣ ይመርቁና እንቁረጥ እንጂ! ዝንቡ ቀደመን እኮ!» አለ ባለቤቱ። ሁሉም ሳቁ። ቆምኩ፤ እጄን ዘረጋሁ። አሜን ሊሉ ተዘጋጁ።

«ይህ ግንባር ካልወረደ አልመርቅም» አልኩ። «ከሥሩ ተነሱ።»

«ሳይቀምሱ ሰከሩ!» አለ አንድ ሾፌር።

ባለቤቱ ወደ ልጄ ዞረ። «አባትህ ምን ነካቸው?»

ልጄ «አርጅተዋል» ቢል ያምኑት ነበር። ሰዉም ተመልሶ ይቀመጥ ነበር፣ የሱም ስም አይጎድፍም ነበር። እሱ ግን አጠገቡ ያለውን ወንበር አንስቶ ወደ ግቢው ወሰደ።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «ክሩ የሲሚንቶ አይደለም። ተነሱ።»

ሥጋው ግቢ ውስጥ ተበላ። ባለቤቱ እስካሁን ሰላም አይለንም።

ልጄ በማግስቱ ሊያወርደው ሄደ፤ አብሬው ሄድኩ። መሰላሉን ያዝኩለት።

«አሁንስ ይመርቁኛል?» አለኝ ከላይ።

«መጀመሪያ አውርደህ ጨርስ» አልኩት። ገና እንዳስጠላኝ ነበር። መሰላሉን ግን አለቀቅሁም።