እህቴ “አዎ” ያለችው ፕሮግራም

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ ኮዱን ማንም ከፍቶ ለሚያየውና ለሚያሻሽለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዲስክ ፎርማት የሚያደርግ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠራርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው፤ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

አርሊንግተን ከተማ በነበረው አፓርታማችን ያለን ኮምፒውተር አንድ ነበር፤ ውስጡ ሁለት ዲስክ። አንዱ የኔ መሞከሪያ ነው፤ ቢጠፋ የሚያስቆጭ ነገር የለበትም። ሌላው ነርሲንግ የምትማረው የታላቅ እህቴ ሲሆን፣ ሴሚስተሩን ሙሉ የለፋችበት የመመረቂያ ጽሑፏ እሱ ላይ ብቻ ነበር። ቅጂ ያዢ ስላት “ኦኬ፣ ኦኬ” ብላ ታልፈኛለች።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ፕሮግራሙ ዲስኮቹን የሚለያቸው በቁጥር ነው፤ አንዲት ቁጥር ብሳሳት ልፋቷ ገደል እንደሚገባ ስለማውቅ፣ ፕሮግራሙን ከመሞከሬ በፊት የሷን ዲስክ ገመድ እነቅላለሁ። መነቀሉንም በእጄ ዳስሼ አረጋግጣለሁ።

“ከዲስክ ጋር ነው ከፈንጂ ጋር የምትጫወተው?” ትለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ጎረቤት ከተማ ግሬፕቫይን ከምሠራበት ሆቴል ስመለስ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ።

“ፕሮግራምህን ቴስት አደረግኩልህ። የሚሞክርልኝ ሰው አጣሁ ስትል አልነበር?”

“ገመዱን ነቅለሻል?”

“የምን ገመድ?”

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።

“የትኛውን ዲስክ አልሽው?”

“ሁለት ቁጥር አመጣ፤ አንዱን ነካሁ። ሶ፣ ሁሉም ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።”

“እንዴት አዎ ትይዋለሽ?”

“አንተ የሠራኸው ምን ያደርገኛል ብዬ ነዋ።”

ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። ዲስኩ እየተንገጫገጨ እስኪከፈት ድረስ በሆዴ ያልተሳልኩት ስለት የለም። እሷ ከኋላዬ ቆማ ብርቱካን ትልጣለች። በመጨረሻ ጽሑፏ ተከፈተ። እጇ ያረፈው የኔ ዲስክ ቁጥር ላይ ኖሯል።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃቱ ባሰብኝ። በዚያው ሳምንት ፕሮግራሙን ለማላውቃቸው ሰዎች በኢንተርኔት ለቅቄው ነበር። ማስጠንቀቂያውን አምርሬ ስለጻፍኩት የሚያነቡት መስሎኛል። እነሱም እንደ እህቴ፣ የሠራው ሰው ያውቃል ብለው ዝም ብለው እሺ እንደሚሉት አላሰብኩም። እንዲህ መታመን ያስፈራል።

በማግስቱ “እርግጠኛ ነህ ወይ” የሚለውን ጥያቄ ከፕሮግራሙ አወጣሁት። ቁጥር መንካት ቀርቶ፣ የሚጠቀመው ሰው ለሚጠፋው ዲስክ የተሰጠውን ስም ራሱ ፊደል በፊደል ካልጻፈ ንቅንቅ እንዳይል አደረግኩት። ጨርሼ ቀና ስል እህቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

“በል ልሞክርልህ” አለችኝ፤ “የኔ ዲስክ ስሙ ማን ነው?”

አልነገርኳትም።