ሬንጅ የነካው እጅ

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ወንዝ ዳር እንስላል እንደ ልብ ይበቅል ነበር። አጠገቡ ደግሞ እሱን የሚመስል መርዝ አለ፤ አበባ ሳያወጡ ዓይን አይለያቸውም። እናቴ «ቅጠሉን በጣትህ አሽተህ አሽትተው» ትለኝ ነበር። የእንስላል ሽታ ደስ ይላል፣ ያኛው አይጥ አይጥ ይላል።

አንድ ቀን እሷን ሆዷን ቆረጣት። ጣሊያኖቹ ከሚያሠሩን መንገድ እንደተለቀቅሁ፣ ለቁርጠት የሚጠጣው እንስላል ነውና ወንዝ ዳር ሮጬ ቀጠፍኩላት። ባሸውም የሸተተኝ እጄ ላይ የደረቀው ሬንጅ ብቻ ነው። ይሁን ብዬ ወሰድኩት፣ ቀቅዬም ሰጠኋት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እንስላል እንስላል አይልም» አለችኝ።

«የኔ እጅ ነው እማዬ፣ ሬንጁ ነው» አልኳት።

አምናኝ ጠጣችው። በማግስቱ ቀበርናት።

ሬንጁ ከሳምንት በኋላ ለቀቀ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ቅጠል ከመንካቴ በፊት የማሸተው እጄን ነው።