ጉንፋን ያሳሳታት ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻ ልጇን ስትገላገል ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። አዋላጇ «ቶሎ ከደገምሽ ለሕይወትሽ ያሰጋል» ያለቻት ከጆሮዋ አልወጣም። የመከላከያ ክኒኑ ራስ ምታት ስላስነሳባት አቆመችው። ማህፀኗ ውስጥ ሉፕ ማስገባትን ደግሞ ፈራች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ የሙቀት መለኪያውን ምላሷ ስር ታደርጋለች። ሙቀቷ ከፍ ብሎ ከሰነበተ እንቁላሏ ወጥቶ አልፏል ማለት ነው፤ እስከዚያ ባሏ ሶፋ ላይ ይተኛል። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሰፈርተኛው «ፊውዝ» ይለዋል።

«እሺ፣ መብራት መጣ?» ይላታል ትራሱን አቅፎ።

አንድ ሰሞን ሙቀቷ ከፍ አለ፤ ሰነበተም። «መጥቷል» አለችው እየሳቀች። ጉሮሮዋን ሲከረክራት የከረመውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ጉንፋኑ ሲለቃት ሙቀቷም ወረደ። በማግስቱ መታጠቢያ ቤት ገብታ እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ፈሳሽ አየች። ይኼ የሚታየው እንቁላል ሊወጣ ሲል ነው። ሮጣ ወጣች።

«አላለፈም ነበር» አለችው ባሏን። «ለካ የጉንፋን ትኩሳት ነው።»

ፊውዝ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ከዚያ በኋላ ሥራ እምቢ አላት። የሰው ኮት እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ሕፃኗን ስታጠባ «እኔ ከሌለሁ ይቺን ማን ያሳድጋታል?» እያለች ዓይኗ እንባ ይሞላል። የወር አበባዋ ቀኑ አልፎ ቀረ። ፊውዝ ከሥራ ሲገባ ገና ከበሩ ፊቷን ያያል፤ እሷ «አልመጣም» በሚል ራሷን ትነቀንቃለች።

በመጨረሻ ተያይዘው ወደ አዋላጇ ሄዱ። የሽንት ምርመራው ምንም አላሳየም።

«ገና ሊሆን ይችላል» አለች አዋላጇ። «ካልመጣ ሳምንት ተመለሺ። ስሚኝ እህቴ፣ ሙቀት ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አይነግርሽም። ትኩሳት ካለሽ ደግሞ ጭራሽ አትመኚው።»

ሳምንቱ ሳይሞላ፣ ሱሪ እያሳጠረች ሳለ ሆዷን ቆረጣት። ደሙ መጥቶ ነበር። መቀሱን አስቀምጣ፣ ደንበኛ ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

በዚያው ወር ሉፕ ልታስገባ ክሊኒክ ሄደች። አልጋው ላይ ወጥታ ወደ በሩ ዞረች፤ ፊውዝ ከውጭ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ሲስተር፣ በሩን ገርበብ አድርጊልኝ» አለች። «እዚያ መቆሙን ልየው።»