ያጠፋሁት ድምፅ

ከሚሴ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እጁ ፈጣን ነው ይሉኛል፤ እኔም በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ይህን ሙገሳ ስሰማ ያመኛል።

አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን ልጇን አዝላ፣ ላፕቶፕ በሻሽ ጠቅልላ ሱቄ ገባች። ስከፍተው ሊነሳ ይልና ሰማያዊ ይሆናል፤ ወዲያው ይጠፋና እንደገና ከሀ ይጀምራል። የባሏ ነው፤ ባሏም ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። አላህ ይዘንለት አልኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ብቻ ይነሳልኝ አለችኝና ሄደች።

የእኛ ሰፈር ጠጋኞች ልማድ የታወቀ ነው። ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ሲ የሚባለውን የዲስኩን ክፍል አጥፍተን ዊንዶውስ እንደ አዲስ እንጭናለን። ባለቤቱ የሚፈልገውን ዲ በሚባለው በሌላው ክፍል አስቀምጧል ብለን ነው። ዲን ከፍቼ ፎቶዎች ስላየሁ ደውዬ እንኳ አልጠየቅኋትም። ሲ ላይ ያለውን ቀድሞ መገልበጥ የአስር ደቂቃ ሥራ ነበር። ወረፋ በዝቶብኝ ነው እንዳልል፣ የዚያን ቀን ወረፋ አልነበረም። ስንፍና ነው።

በማግስቱ ስትመጣ ጉራዬን እየነዛሁ ከፍቼ አሳየኋት። ባዶውን ስክሪን አተኩራ አየችና መንዙማው የታለ አለችኝ። ባሏ ታሞ በተኛባቸው ወራት፣ እሷ እርጉዝ ሳለች፣ አቅም ባገኘ ቁጥር መንዙማ እያለ ይቀዳ ነበር። እሷ ማንበብ ስለማትችል ፈልጋ እንዳትቸገር ፊት ለፊት፣ ዴስክቶፑ ላይ ደርድሮላት ነበር። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ነገር የሚቀመጠው ሲ ውስጥ ነው፤ እኔ ያጠፋሁት ያንን ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም ፈለግሁ። የአንዳንዶቹ ስም ተገኘ፤ ስከፍታቸው ግን ድምፅ የላቸውም። አዲሱ ዊንዶውስ በላያቸው ተጽፎባቸዋል። ኮምፒውተሩ ቀድሞም ተበላሽቶ ነበር ብዬ ልዋሽ ከጅሎኝ ነበር። ስትመጣ ግን እውነቱን ነገርኳትና አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

የማዘያውን ጫፍ ፈትታ መልሳ አጠበቀች።

"አውፍ ብዬሃለሁ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ" አለችኝ። "እኔስ ድምፁን አውቀዋለሁ። የማታውቀው እሷ ናት።"

ልጅቷ ከእናቷ ትከሻ በላይ አሻግራ ታየኝ ነበር። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።